ሙሄ የጠየቀልኝ ቦታ

ቆቦ፣ አንድ የሕንፃ መሣሪያ መደብር ውስጥ ስድስት ዓመት ዕቃ ጫኝና አውራጅ ነበርኩ። የመጋዘን ኃላፊው ሥራ የለቀቀ ጊዜ፣ ከምኖርበት ከሮቢት ጀምሮ ሚኒባስ ውስጥ የምናገረውን ስለማመድ መጥቼ የመደብሩ ባለቤት ሐጂ ፊት ቆምኩ።

«ሐጂ፣ ቦታውን ለእኔ ቢሰጡኝ ብዬ ነው።»

«ሙሄ ትናንት ቀድሞሃል» አሉኝ።

ሙሄ የሥራ ባልደረባዬ ነው፤ ከተጣላን ዓመት አልፎናል፣ ሰላም እንኳ አንባባልም። አንገቴን ደፍቼ ልወጣ ስል፣ «ቁጭ በል እንጂ፤ የጠየቀኝ ላንተ ነው» አሉ። «‹እሱ እርስዎን ይፈራል እንጂ ሥራውን ከሁላችን በላይ ያውቀዋል› አለኝ። እኔም ይሁን ብያለሁ።»

አልሃምዱሊላህ ብዬ ስወጣ ሙሄ ሲሚንቶ እያወረደ ነው። ጠጋ ብዬ «እንደምን አደርክ?» አልኩት። ከነአቧራው አቀፈኝና፣ «መቼ ትጀምራለህ?» አለኝ።