አንድ መዝገብ እስከ አሥራ አንድ ሰዓት

(በአንዲት የወረዳ ከተማ ፍርድ ቤት አጥር ሥር፣ ዓርብ ከቀኑ ስምንት ሰዓት፤ ማመልከቻ ጸሐፊው ጋሽ በላቸው ጃንጥላቸው ሥር ታይፓቸውን ይዘው ተቀምጠዋል፣ የሕግ ተማሪዋ ቤዛዊት ከግቢው በጥድፊያ ወጥታ ፊታቸው ቆማለች።)

ቤዛዊት፦ ጋሽ በላቸው፣ እርስዎ ግን ፈጣሪን አይፈሩም? ሴትዮዋን እኮ ከፊቴ ነው የነጠቁኝ!

በላቸው፦ እኔ? እኔ ከጠዋት ጀምሮ ከዚህች በርጩማ አልተነሣሁም። በእግሯ መጣች፣ በፈቃዷ ተቀመጠች።

ቤዛዊት፦ መታወቂያዋን ኮፒ ላደርግ ሁለት ደቂቃ ብወጣ የለችም! ስመለስ እዚህ ከእርስዎ ጋር ስትስቅ አገኘኋት። እኔ ጋ አርባ ደቂቃ ተቀምጣ ጥርሷን አላየሁትም።

በላቸው፦ ምን ብትጠይቂያት ነው?

ቤዛዊት፦ የሚጠየቀውን ነዋ! ጋብቻው የተፈጸመበት ቀን፣ የጋብቻው ዓይነት፣ የጋራ ንብረት ዝርዝር...

በላቸው፦ እኔ ደግሞ "እናንተ ጋ ዝናቡ እንዴት ነው?" አልኳት።

ቤዛዊት፦ ዝናብና ፍቺን ምን አገናኛቸው?

በላቸው፦ ምንም። ግን ሰው ስለ ዝናቡ ትንሽ ካወራ ወደ ባሉ ይመጣል። በባሉ ከጀመርሽበት ስለ ዝናቡም አይነግርሽ።

ቤዛዊት፦ ይሳቁብኝ እንግዲህ። ለእርስዎ ከብዙ አንዷ ናት፤ ለእኔ ግን ምርቃቴ ናት።

በላቸው፦ ደግሞ ምርቃት እዚህ ምን አመጣው?

ቤዛዊት፦ ኤክስተርንሺፕ የሚባል ነገር አለ። የሕግ ተማሪ ከመመረቁ በፊት ፍርድ ቤት ይላክና በተግባር ይለማመዳል። ሁለት ወር ሙሉ "ነጻ የሕግ ምክር" የሚለው ክፍል ውስጥ ተጎልቼ ከረምኩ። ራሴ የጻፍኩት አንድ ክስ፣ አንድ ብቻ፣ መዝገብ ተከፍቶለት ቁጥሩ ሪፖርቴ ላይ መግባት አለበት። ዛሬ የመጨረሻዬ ቀን ነው፣ ሬጅስትራሩ ደግሞ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ይዘጋል። ካልተሳካ ኮርሱን እደግማለሁ። ጓደኞቼ ሐምሌ ላይ ጋውን ለብሰው ሲሰለፉ እኔ ፎቶ አንሺያቸው ልሆን ነው!

በላቸው፦ በሁለት ወር አንድ ሰው እንኳ አልመጣልሽም?

ቤዛዊት፦ መጥተዋል። በሩን ገርበብ ያደርጉና "ሽንት ቤቱ በየት ነው?" ይሉኛል።

በላቸው፦ ኧረ ልጄ! ክፍልሽ እኮ ከእስረኛ ማቆያው ጎን ነው። የእኛ ሰው በዚያ ሲያልፍ ዘመድ እንዳያየው ፊቱን በነጠላ ይሸፍናል፤ ምክር ፍለጋ ሊገባልሽ ነው?

ቤዛዊት፦ ክፍሉን እኔ አልሠራሁት! ጋሼ፣ አፈር ስሆን፣ ሴትዮዋን ይመልሱልኝ። ክሱን ጽፌ ጨርሻለሁ። አራት ገጽ ነው፣ አሻራዋን ማሳረፍ ብቻ ነው የቀራት።

በላቸው፦ የጨነቀው እርጉዝ ያገባል አሉ። እስቲ ወዲህ በይው። አራት ገጽ! ወይዘሮ አለምነሽ ይህን ሁሉ ተናገረች? "ተጋቢዎቹ ሊታረቁ በማይችሉበት ደረጃ ላይ በመድረሳቸው..." ማነው አይታረቁም ያለሽ?

ቤዛዊት፦ "ከባሌ ለዩኝ" አለችኛ! በጥሩ አማርኛ!

በላቸው፦ ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ። ሥሩን ጠየቅሻት?

ቤዛዊት፦ እሺ፣ ሥሩ ምንድን ነው?

በላቸው፦ ወጥ።

ቤዛዊት፦ ወጥ?

በላቸው፦ ባልየው እንግዳ ፊት "ዛሬስ ጨው ረስተሻል፣ እናቴ ብትሆን..." ብሎ ጀመራት። እሷ ደግሞ "እንግዲያው እናትህ ጋ ሄደህ ብላ!" አለችው። ሄደ። ይኸው ሦስተኛ ሳምንቱን ያዘ፣ አኩርፎ እናቱ ቤት ተቀምጧል።

ቤዛዊት፦ ውይ በሞትኩት! ለእኔ እኮ ከዚህ አንዱንም አልነገረችኝም።

በላቸው፦ የጋራ ንብረት ዝርዝር ውስጥ ጨው የለማ!

ቤዛዊት፦ ታዲያ ፍርድ ቤት ድረስ ምን ልትሠራ መጣች?

በላቸው፦ ወረቀት ፍለጋ። አንቺ ልጅ፣ እኔ ዘንድ ከሚጻፈው አሥር ማመልከቻ ሦስቱ ይህን በር አያልፉም፤ ወደ ቤት ነው የሚሄዱት። ባል ወረቀቱን ሲያይ ይደነግጣል፣ ሽማግሌ ይልካል፣ ያልቃል። ሴትዮዋ ባሏን አልጠላችም፤ "ና" ማለት ነው የከበዳት።

ቤዛዊት፦ መዝገብ አይከፈትም ማለት ነዋ።

በላቸው፦ እሱ በአንቺ ነው። ያቻትና፣ ዋርካው ሥር ተቀምጣለች። ሄደሽ "እዚህ ላይ ያሳርፉ" ብትያት ታሳርፋለች። ማንበብ አትችል፣ የተማረ ሰው ታምናለች። በሩብ ሰዓት ቁጥርሽን ይዘሽ ትወጫለሽ።

ቤዛዊት፦ እውነቱን ልንገርዎ? ልቤ ሄዶ ነበር። እናቴ ለምርቃቴ የምትጠራቸውን ሰዎች ስም መጻፍ ከጀመረች ወር አልፏታል።

በላቸው፦ እኮ። ማን ያውቅብሻል?

ቤዛዊት፦ ባልየው ያውቃላ! መጥሪያ የደረሰው ባል ሽማግሌ አይልክም፣ ጠበቃ ነው የሚፈልገው። በጨው የተጣሉ ሰዎች በእኔ ሪፖርት ሊፋቱ ነው? ይቅርብኝ። ኮርሱን እደግመዋለሁ።

በላቸው፦ ተባረኪ። በይ እንግዲህ ሂጂና እረፊ፤ እኔ ወረቀቷን ልጨርስላት።

ቤዛዊት፦ ምን ብለው ጻፉት? ያንብቡልኝ፣ ቢያንስ ልማርበት።

በላቸው፦ ይህ ነው ጽሕፈት፣ ስሚ! "ተከሳሽ ሃምሳ ዓመት ሊሞላው ሁለት ዓመት ሲቀረው፣ ሞቅ ደመቅ ያለ ትዳሩን በትኖ፣ ጡት እንዳልጣለ ሕፃን በእናቱ ቀሚስ ሥር ተሸጉጦ፣ በአገር ፊት መሳቂያና መሳለቂያ በመሆኑ..."

ቤዛዊት፦ አቤት! አቤት፣ አቤት! ጋሼ፣ ይህን ማን ነው የሚያነብለት?

በላቸው፦ ራሱ ነዋ።

ቤዛዊት፦ እሱም አያነብም። ይህንንስ ጠይቄያታለሁ። በቤቱ ፊደል የምታውቀው ልጃቸው ብቻ ናት፣ ስድስተኛ ክፍል ነች።

በላቸው፦ እና?

ቤዛዊት፦ እናማ ልጅቷ ወረቀቱን ይዛ አያቷ ቤት ትሄዳለች። አባቷ "እስቲ አንብቢልኝ" ይላታል፤ አያትየዋም አጠገቡ ተቀምጠዋል። ያቺ ልጅ የገዛ አባቷን "ጡት ያልጣለ" ልትለው ነው? በእናቱ ፊት? ከዚያ በኋላ ይህ ሰውዬ ምን ዓይን ኖሮት ወደ ቤቱ ይመለሳል?

በላቸው፦ ቆይ እስቲ። ባለፈው ክረምት ለአንዷ እንዲሁ ጽፌላት ነበር። እሳት የላሰ ወረቀት! ባልየው እስከ ዛሬ አልተመለሰም። እኔ ደግሞ ቃሉ ለስልሶበት ነው ብዬ ስቆጭ ከረምኩ።

ቤዛዊት፦ በርትቶበት ይሆናላ።

በላቸው፦ ሠላሳ አንድ ዓመት ጻፍኩ። ማን እንደሚያስጽፍ እጠይቃለሁ፣ ማን እንደሚፈርም እጠይቃለሁ። ማን እንደሚያነበው ግን አንድ ቀን ጠይቄ አላውቅም። ምን ነካኝ!

ቤዛዊት፦ ንጹሕ ወረቀት ይስጡኝ። ልጅቷ እንዳትደናቀፍ ፊደሉን ትልልቅ አድርጌ ነው የምጽፈው።

በላቸው፦ ያውልሽ። ቅድም ስትመጪ "ከመጠምጠም መማር ይቅደም" ልልሽ ነበር፤ ዋጥኩት።

ቤዛዊት፦ ጨረስኩ፣ ይስሙኝ። "ለአቶ ሙላት። ወይዘሮ አለምነሽ ዛሬ ፍርድ ቤት ድረስ መጥተው ነበር። ክሱ ተጽፏል፤ አልገባም። እስከ መጪው እሑድ በእጃቸው ይቆያል። ቤትዎ እንደተውት አለ። ይህን የምታነብልዎት ልጅዎ ስለሆነች፣ የቀረውን ነገር ለሽማግሌ ትተነዋል።"

በላቸው፦ በቃ?

ቤዛዊት፦ በቃ። አነሰ?

በላቸው፦ የመጨረሻዋን ድገሚልኝ እስቲ።

ቤዛዊት፦ "ይህን የምታነብልዎት ልጅዎ ስለሆነች፣ የቀረውን ነገር ለሽማግሌ ትተነዋል።"

በላቸው፦ ወይ ጉድ! እኔ ሙላትን ብሆን ጫማዬን ሳላጠልቅ ነበር የምሮጠው። ሂጂ፣ ራስሽ አንብቢላትና ስጫት። እኔ እጠብቅሻለሁ።

ቤዛዊት፦ (ከዋርካው ሥር ተመልሳ) ሰጥቻት መጣሁ። መጀመሪያ አለቀሰች፣ ከዚያ ሳቀች፣ ከዚያ ጉንጬን ስማ በጆሮዬ ምን እንዳለችኝ ያውቃሉ? "ለነገሩስ ጨው ረስቼ ነበር!"

በላቸው፦ ሃ! ወይኔ ሙላት! እውነት ተናግረህ ሦስት ሳምንት ተፈረደብህ!

ቤዛዊት፦ በሉ ጋሼ፣ ደህና ይሁኑ። ሪፖርቴ ላይ "አንዲት ባለጉዳይ፣ መዝገብ አልተከፈተም" ብዬ እጽፋለሁ፤ መምህሬ የፈለጉትን ይበሉ። አልዋሽዎትም፣ ጋውኑ ይቆጨኛል። ግን በሁለት ወር እንደ ዛሬ ደስ ብሎኝ አያውቅም።

በላቸው፦ ወዴት ነው የምትሄጂው? ስንት ሰዓት ሆነ?

ቤዛዊት፦ ዘጠኝ ከሩብ።

በላቸው፦ ታዲያ አሥራ አንድ ገና አይደል? ነይ፣ በርጩማው ላይ ተቀመጪ።

ቤዛዊት፦ እርስዎስ?

በላቸው፦ ለእኔ ይህ ድንጋይ ይበቃኛል። አባባ! አዎ፣ እርስዎ፣ የድንበር ክስ ያለዎት! ይምጡ፣ ተራዎ ደርሷል።

ቤዛዊት፦ ጋሼ፣ ኧረ ይተዉ! እሳቸው ከጠዋት ጀምሮ የተሰለፉት እርስዎን ብለው ነው። እኔን እሺ አይሉም።

በላቸው፦ እዚህ ጋ አረፍ ይበሉ አባባ። የምትጽፍልዎት እሷ ናት፤ ዛሬውኑ መዝገብ ታስከፍትልዎታለች። እኔ? እኔማ የእሷ ተለማማጅ ነኝ።