ባለቤቱ ሳያደርገው የቀረ መነጽር

ሰፈሩ ሁሉ ጋሽ መነጽር እያለ የሚጠራቸው ሟች የተወለዱት የዛሬ ስልሳ አንድ ዓመት ሲሆን፣ እናታቸውን በሕፃንነታቸው ስላጡ ያደጉት በልብስ ሰፊው አባታቸው የስፌት መኪና ሥር፣ ቁርጥራጭ ጨርቅ እየለቀሙ ነበር። አባታቸው ዓይናቸው ሲደክም በመርፌው ክር የሚያስገቡላቸው እሳቸው ነበሩና፣ ውጭ አገር የመማር ዕድል አግኝተው የመነጽር ሙያን ሲመርጡ ለማን ብለው እንደሆነ ያልገባው ሰው አልነበረም።

በሃያ አንድ ዓመታቸው የገቡበት ኮሌጅ ግን በመጀመሪያው ዓመት ፊቱን አዞረባቸው። ታላቅን ትክ ብሎ ማየት ድፍረት ነው ተብለው ስላደጉ፣ መምህሩ ሲያናግሯቸው አንገታቸውን ደፍተው ጫማቸውን ያዩ ነበርና፣ መምህሩ ሥራውን ከሰው የገለበጡ መስሏቸው ዜሮ ሰጧቸው። የክፍል ጓደኛቸውም «አንተ፣ ወለሉ ላይ ምን ጠፍቶብህ ነው?» እያለ ይሳለቅባቸው ነበር። ይህ ቢያንገበግባቸው፣ በየቀኑ መስታወት ፊት ቆመው የራሳቸውን ዓይን ሳያርገበግቡ ማየት ተለማመዱና፣ በሁለተኛው ዓመት ከመምህሩ ጋር ፊት ለፊት ተከራክረው ማርካቸውን አስመለሱ።

በዚያው ዓመት ከአባታቸው የሚደርሷቸው ደብዳቤዎች ፊደላቸው ጠበብ፣ መስመራቸው ቀጥ እያለ ሲመጣ፣ የአባቴ ዓይን ተሻለው ብለው ደስ አላቸው። የዓይን ነገር የሚማር ሰው እንዲህ መሳሳቱን ለራሳቸው ይቅር ብለው አያውቁም። በእጃቸው የሞረዱትን መነጽር ይዘው ሲመለሱ፣ አባታቸው ከተቀበሩ ሁለት ዓመት አልፏቸው ነበር። ደብዳቤዎቹን የጻፉት የመዝገብ ቤት ሠራተኛው ታላቅ ወንድማቸው ናቸው።

ሟች ወንድማቸውን ትክ ብለው እያዩ ለምን እንዳደረጉት ጠየቁ። ወንድማቸውም «ትምህርትህን ጥለህ እንዳትመጣ ነዋ! ደግሞ ታላቅህ ላይ ማፍጠጥ ነው ያስተማሩህ?» አሉ።

«አዎ፣ እሱን ነው የተማርኩት። አንተስ በሞተ ሰው ስም ደብዳቤ መጻፍ የት ተማርክ?»

ከዚያች ቀን ጀምሮ ወንድም ጋሼ ማለትን ተዉ፤ ሠላሳ ስድስት ዓመትም አልተነጋገሩም።

ሟች የመነጽር ሱቅ ከፍተው፣ ነርስ ባለቤታቸውን አግብተው፣ አንዲት ሴት ልጅ አፈሩ። ወንድማቸው በሱቁ በር አልፈው ሌላ ሰፈር ድረስ ሄደው መነጽር ሲያሠሩ፣ ሟች በመስኮት አይተው «ፍሬሙ ተጣሟል፤ ይበለው» ይሉ ነበር። የአባታቸው መነጽር ግን ለማንም ሳይሰጥ በመሳቢያቸው ተቀምጦ ኖረ።

ባለፈው ወር ኩላሊታቸው ታሞ አልጋ ሲይዙ፣ ልጃቸው በውጭ አገር የመጨረሻ ፈተናዋ ደርሶ ነበር። ታላቅ ወንድማቸው «ልጅቷን አትንገሯት፣ ፈተናዋን ትጨርስ» ብለው ሰው ላኩ። ሟችም ይህን ሲሰሙ ስልክ አስመጥተው፣ በዚያ በደከመ ድምፃቸው «እየሞትኩ ነው፤ ምርጫው ያንቺ ነው» ሲሉ ራሳቸው ነገሯት። እሷም ፈተናውን ትታ መጣች፤ ዓይን ለዓይን እየተያዩም ዘጠኝ ቀን አብረው ቆዩ።

ሟች ባለቤታቸውን፣ ልጃቸውንና ከፊት ወንበር የተቀመጡትን ታላቅ ወንድማቸውን ትተው አልፈዋል። በመጨረሻ ታረቁ ብለን ብናነብ ለብዙዎቻችን ደስ ባለን ነበር። ነገር ግን አልታረቁም፤ ታርቀዋል ማለትም በሞተ ሰው ስም ሌላ ደብዳቤ መጻፍ ይሆናል።

አምላክ ነፍሳቸውን በእረፍት ይቀበል፤ አባታቸውንም በዓይናቸው ያሳያቸው።