ወፍ አይቶ የዘገየው ሽማግሌ

መስከረም፣ ረፋድ፣ ቀበና ወንዝ ዳር ያለ ግቢ፤ ለጋብቻ የምትጠየቀው የአዜብ እናት ወይዘሮ ተዋበች የብረት በሩን ገርበብ አድርገው ይዘዋል፤ ለወንዱ ወገን ሊናገሩ የተላኩት ሽማግሌ አቶ ባንተይርጋ አንገታቸው ላይ ሩቁን የሚያቀርብ መነጽር አንጠልጥለው ውጭ ቆመዋል።

ባንተይርጋ፦ በቆምኩበት መሬት ይሁንብኝ፣ ወይዘሮ ተዋበች! ከምነግርዎት ላይ አንዲት ላባ ጨምሬ ከተገኘሁ ይቺ ምላሴ እንደ ቋንጣ ትንጠልጠል!

ተዋበች፦ ምላስዎን ተዉትና ስለ ሰዓቱ ይንገሩኝ። ሁለት ሽማግሌ ከጠዋት ጀምሮ ሳሎኔ ውስጥ እንደ ቁምሳጥን ተገትረዋል። ተቀመጡ ስላቸው “ጉዳያችን ሳይሰማ አንቀመጥም”። ጉዳያችሁ ምንድን ነው ስላቸው “ተናጋሪው አልመጣም”።

ባንተይርጋ፦ ወግ አዋቂዎች ናቸዋ! እኔ ነኝ የመረጥኳቸው።

ተዋበች፦ አንደኛው እኮ ጉልበታቸውን ያማቸዋል። ግድግዳዬን ተደግፈው ነው ያሉት።

ባንተይርጋ፦ እኔስ በሰላም የመጣሁ መሰልዎት? ክረምቱ ወጥቷል፣ አደዩ ፈክቷል፤ እግረ መንገዴን ወፍ ልይ ብዬ በወንዙ ዳር ብመጣ፣ ድልድዩ ጋ ጭላት ባርኔጣዬን ላፍ!

ተዋበች፦ ባርኔጣዎ ራስዎ ላይ ነው።

ባንተይርጋ፦ አስመለስኩታ! እንዴት ያለ ጭላት ነው ታዲያ! ክንፉን ሲዘረጋ ሰፈሩ በሙሉ ጨለመ። ሰዉ መብራት ጠፋ ብሎ ቆጣሪ ሲነካካ ነበር።

ተዋበች፦ በፀሐይ?

ባንተይርጋ፦ እኮ! የጭላቱን ትልቀት ከዚያ አይገምቱትም?

ተዋበች፦ ይሁን። ባርኔጣውን ካስመለሱ በኋላስ ምን ያዘዎት?

ባንተይርጋ፦ መንገዱ ተዘጋ። ሽመላዎች፣ እግራቸው የመብራት ምሰሶ የሚያህል፣ ክብ ሠርተው ቆመዋል። ብጠጋ መሀል ላይ ሁለት ቁራዎች ተጣልተው። ሽማግሌ ሆኜ አይቼ እንዳላየሁ ልለፍ? እርስዎ ይፍረዱ!

ተዋበች፦ እና ቁራ አስታረቁ።

ባንተይርጋ፦ ጠቡ የጭራሮ ነው። አንደኛው ጎጆውን ሲሠራ ከጎረቤቱ ጎጆ መዘዘ። “ጥፋተኛው ድንጋይ ተሸክሞ ይቅርታ ይጠይቅ” ብዬ ፈረድኩ። ይመኑኝ፣ ጠጠር አንገቱ ላይ ጭኖ ዝቅ ሲል ሽመላዎቹ እንባቸው መጣ።

ተዋበች፦ ቁራው አንገቱ ላይ ማን ጫነለት?

ባንተይርጋ፦ ዘመዶቹ ናቸዋ! ቁራ ዘመድ የለውም እንዴ?

ተዋበች፦ አቶ ባንተይርጋ፣ እኔ ጨዋታ ላይ አይደለሁም። አዜብ አንድ ልጄ ናት። አባቷ ካረፈ ጀምሮ አባትም እናትም እኔ ነኝ። ልዑልሰገድን ደግሞ ያሳደጉት እርስዎ ነዎት፤ የእህትዎ ልጅ ነው። ወፍ እንዳገሯ ትጮኻለች ይባላል። እሱም ነገ አምሽቶ ሲገባ “ሽመላ መንገድ ዘጋብኝ” ሊላት ነው?

ባንተይርጋ፦ ልዑልሰገድ? ኧረ እሱ መዋሸት አይችልበትም! ስንት ዓመት ላስተምረው ሞክሬ መሰልዎት? ፊቱ ቲማቲም ይሆናል።

ተዋበች፦ ስለዚህ መዋሸት ያስተምራሉ።

ባንተይርጋ፦ አይ… ማጣፈጥ። ማጣፈጥ ነው ያልኩት።

ተዋበች፦ እንግዲያው ልዝጋው። ሁለቱንም ሽማግሌዎች እልክልዎታለሁ።

ባንተይርጋ፦ ኧረ በእመብርሃን! በሩን ከዘጉት ልጁ ያልቃል። እህል ካፉ ከገባ እኮ ሰነባበተ።

ተዋበች፦ ከመቼ ወዲህ?

ባንተይርጋ፦ ካምና።

ተዋበች፦ ካምና!

ባንተይርጋ፦ መሀል ላይ ትንሽ ጎራርሷል።

ተዋበች፦ ለመሆኑ ይህን ሁሉ ጉድ ያየልዎት ሰው አለ?

ባንተይርጋ፦ ከየት ይምጣ? ወንዙ ዳር ሰው የሚባል ዝር አላለም። ቢኖርማ ይኸኔ አገር ይመሰክርልኝ ነበር።

ተዋበች፦ እኔ ነበርኩ።

ባንተይርጋ፦ የት?

ተዋበች፦ ጣሪያው ላይ። የውሃ በርሜሉን ልከፍት ወጥቼ። እርስዎ ከሁለቱም ቀድመው ነው የመጡት፤ ከጓሮ አጥራችን ጀርባ ቆመው ነበር። ጭላት አላየሁም። ሽመላም የለም፣ ቁራም አልተጣላ። አንዲት ድንቢጥ ነበረች አጥሩ ላይ። “ልጃችሁን ለልጃችን እንድትሰጡን” ይሏታል። ብር ትላለች። ስትመለስ ደግሞ እጅ ነስተው ከ“እንደምን አደራችሁ” ይጀምራሉ።

ባንተይርጋ፦ ድንቢጥ አይደለችም። ንስር ናት።

ተዋበች፦ ድንቢጥ ናት።

ባንተይርጋ፦ …ሁሉንም ሰሙት?

ተዋበች፦ ሁሉንም።

ባንተይርጋ፦ “እንደ ዓይናችን ብሌን እንይዛታለን” የሚለውንስ?

ተዋበች፦ እሱ ላይማ በደረሱ ቁጥር ድምፅዎ ይቆረጣል።

ባንተይርጋ፦ ጉንፋን ነው። የመስከረም ጉንፋን… ወይዘሮ ተዋበች፣ ዛሬ ሰው ፊት ያቺን ቃል የምጨርሳት አልመሰለኝም።

ተዋበች፦ ወጉማ “ተማክረን እንመልሳለን” ብሎ ቀን መቅጠር ነበር። ድንቢጧም ሳትመልስልዎ በረረች። እኔ ግን ልጄን ሰጥቻለሁ።