የኖራ ስለት በማውንተንስ ኤጅ ኮረብታ

በኛ ጊዜ ስለት ቀልድ አልነበረም። ትስቂያለሽ አንቺ፣ እዚህ ቬጋስ ስለተወለድሽ ነው፤ ስሚኝ። ኮሮና የገባ ዓመት ነው፣ የምሠራበት ካዚኖ አሰናብቶኝ ማውንተንስ ኤጅ ሰፈር ቤቴ ቁጭ ብያለሁ። ጎረቤቴ ኖራ የአየርላንድ ሰው ናት፣ ሰማንያ ሊሞላት ምንም አልቀራት። ታዲያ አንድ ቀን በረንዳዋ ላይ ታለቅሳለች።

«ምነው?» አልኳት።

«እህቴ በኮሮና ስትታመም 'ከተረፈችልኝ ተራራውን እወጣለሁ' ብዬ ተስዬ ነበር። ተረፈች። አሁን ደግሞ ተራራው ለተሳላሚ ተዘጋ። ስለቴን ሳላደርስ ልሞት ነው» አለች።

ተራራው እዚያው አገሯ ያለ ነው፣ ክሮ ፓትሪክ ይባላል። ቅዱስ ፓትሪክ አርባ ቀን ጾሞበታል አሉ፣ እና አገሬው በጁላይ መጨረሻ እሑድ ይወጣዋል፣ አንዳንዱ በባዶ እግሩ፣ የድንጋይ ቁልሉን ሰባት ጊዜ እየዞረ እየጸለየ። እንዲህ ስትለኝ፣ እንዴ፣ ይቺ ሴትዮ የኛ ሰው ናት አልኩ በሆዴ። ታዲያ «በሱ ፈንታ እዚህ ሰፈራችን ፓርክ ውስጥ ያለችውን ኮረብታ እንውጣ፣ እግዜር ያውቃል» አልኳት። እሺ አለች።

ያን እሑድ ጎህ ሲቀድ ሄደን መኪናዬን ፓርክ አደረግሁ። እና እኔ ሞኙ «ስለት በጫማ አይደረስም» ብዬ አወለቅሁ፣ እሷንም አስወለቅኳት። ግማሽ እንደወጣን ጉልበቷ ከዳት፣ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀመጠች።

«አልሆነልኝም። አንተ ዙርልኝ» አለች። አሳዘነችኝ። ጫማዬን አስያዝኳትና ወጣሁ።

ጫፉ ላይ ድንጋይ ከምሬ መዞር ጀመርኩ። የነሱ ጸሎት አጭር ነው፤ እኔ ግን በየዙሩ የኛን ውዳሴ ማርያም በቃሌ እደግማለሁ፣ እሰግዳለሁ። ታዲያ የቬጋስ ፀሐይ መች ትጠብቃለች? ስድስተኛው ላይ መሬቱ ጋለ። ሰባተኛውን ጨርሼ ልውረድ ብል እግሬን የማሳርፍበት አጣሁ፣ አንዴ በዚህ አንዴ በዚያ እዘላለሁ።

«ኖራ፣ ጫማዬን!»

«ማን ያምጣልህ?» አለች ከታች። ሌላ ሰው የለማ።

ከዚያ ጫማዋን አጥልቃ ተነሣች፣ እያረፈች፣ እየተራገመች፣ ያንን ሁሉ ወጣች። «እንካ፣ አንተ የማትረባ» ብላ ወረወረችልኝ።

ጫማዬን አድርጌ ቀና ስል ዙሪያዋን ታያለች። «ጫፉ ይሄ ነው?» አለች።

«ይሄ ነው» አልኳት።

አለቀሰች። ከዚያ ክንዷን ይዤያት ዞረች፣ ሰባት ጊዜ፣ አንድም ሳታጎድል።

«እና አባባ፣ የእርስዎ ሰባት ዙር ካውንት ያደርጋል?»

እኔ እንጃ ልጄ። እግሬ ሁለት ሳምንት ሲላጥ ከረመ። የሷ ስለት ግን ደርሷል።