ሌባውን በድምፁ

በደርግ ጊዜ ነው፤ እዚሁ ድሬዳዋ። የቀበሌ ስብሰባ ላይ አንዱ ከኋላ «ሊቀመንበሩ ሌባ ነው!» ብሎ ጮኸ። ማን እንደሆነ አልታወቀም። ሊቀመንበራችን «በድምፁ አወጣዋለሁ!» ብሎ ፎከረና እኔን የባቡር ጣቢያውን የስልክ ጠጋኝ አስጠራኝ።

«ምን ያስፈልጋል?»

«ቴፕ፣ የባትሪ ድንጋይ፣ ባዶ ካሴትና ጸጥ ያለ ክፍል፣ ጓድ።»

ከኮንትሮባንድ ነጋዴ ለሕዝብ ተብሎ የተወረሰውን ቴፕ ሊቀመንበሩ ከገዛ ቤቱ አስመጣ። ነዋሪው ተሰልፎ ያንኑ ስድብ እየደገመ ተቀዳ። አንድ ሽማግሌማ «ወላሂ ጥሩ አልወጣልኝም፤ ልድገመው» አሉ።

ከአውራጃ የመጣው መርማሪ ሁላችን ፊት ካሴቱን ከፈተው። መጀመሪያ የወጣው ቴፑን ሲሞክር የተቀዳው የራሱ የሊቀመንበሩ ድምፅ ነው፦ «ሊቀመንበሩ ሌባ ነው! ይሰማል?»

መርማሪው ቴፑን ዘጋና «በደንብ ይሰማል፣ ጓድ» አለው።