ቡሊትን ማን ጠራት?

(ከቁንዱዶ ተራራ ሥር ባለች መንደር፤ እናቷ የሞተችባትን የዱር ፈረስ ውርንጭላ አሳድጋ ወደ መንጋዋ የመለሰችው ነጂባ፣ ደጃፏ ላይ ከጋሪ ነጂው ወንድሟ ከረመዳን ጋር።)

ረመዳን፦ ነይና ፈረሷን አረጋጊልኝ ነው ያልኩሽ። ሌላ ምን ጠየቅኩሽ?

ነጂባ፦ መጀመሪያ የትኛዋ ፈረስ እንደሆነች ንገረኝ።

ረመዳን፦ ታውቂያታለሽ።

ነጂባ፦ ካንተ አፍ ልስማው።

ረመዳን፦ ቡሊት ናት።

ነጂባ፦ አብረን በጡጦ ያሳደግናት ቡሊት? ጅብ እንዳይበላት በረት በር ላይ ያደርክላት?

ረመዳን፦ የጋሪ ፈረሴ ሞተብኝ፣ ነጂባ። ለመንደሩ ውሃ በጀርባዬ ላመላልስ?

ነጂባ፦ ለምን አልነገርከኝም?

ረመዳን፦ እሺ ትዪኝ ነበር?

ነጂባ፦ አልልህም።

ረመዳን፦ ለዚያ ነዋ።

ነጂባ፦ መንጋው ሲቀበላት አጠገቤ ቆመህ አልቅሰሃል።

ረመዳን፦ አቦ፣ እሱን ተይው።

ነጂባ፦ እንዴት ያዝካት? ከኔ በቀር ሰው አታስጠጋም።

ረመዳን፦ በገመድ።

ነጂባ፦ ረመዳን።

ረመዳን፦ ጡጦ ስትተው ወተት ታጠጫት የነበረበትን ባልዲ ይዤ ወጣሁ።

ነጂባ፦ ባልዲውን ብቻ?

ረመዳን፦ ሻርፕሽንም። ተከናንቤው ነበር።

ነጂባ፦ ሚስትህ ለሰርግ ብላ የተዋሰችኝን?

ረመዳን፦ እሷ ምንም አታውቅም። እኔ ነኝ ተዋሺልኝ ያልኳት።

ነጂባ፦ መጣች?

ረመዳን፦ መጣች።

ነጂባ፦ እንዴት አድርጋ?

ረመዳን፦ ምን ያደርግልሻል?

ነጂባ፦ ንገረኝ።

ረመዳን፦ ከመንጋው ተለይታ እየሮጠች። መጥታ አፍንጫዋን ሻርፑ ውስጥ ወሸቀች። ያኔ አንገቷ ላይ ገመዱን አስገባሁ።

ነጂባ፦ አንተን ብላ አይደለም የመጣችው፤ እኔን መስለሃት ነው።

ረመዳን፦ ከዚያ ወዲህ እህል አልቀመሰችም። ጋሪ ስጠምድባት መሬት ላይ ትተኛለች። ዛሬ ጠዋት ትሞትብኛለች ብዬ ፈራሁ፤ ገመዷን ፈትቼ በሩን ከፈትኩላት። ወላሂ ከፈትኩላት።

ነጂባ፦ እና?

ረመዳን፦ አልወጣችም። በመንገድ ሴት ስታወራ በሰማች ቁጥር ጆሮዋን ታቆማለች። አንቺን ነው የምትጠብቀው። አንዴ ብትዳብሻት ትበላለች፤ ቀስ እያለች ጋሪውንም ትለምዳለች።

ነጂባ፦ እሺ፣ እመጣለሁ። አለንጋህን አምጣ።

ረመዳን፦ አለንጋ ለምንሽ ነው?

ነጂባ፦ እስከ ተራራው ድረስ እየገረፍኩ ላባርራት ነው። ሁለተኛ እኔን የሚመስል ሰው ስታይ እንድትሸሽ።