ያደከምኩት ቡድን

በደርግ ጊዜ ነው፤ አዋሽ ላይ እያስተማርኩ የከተማውን እግር ኳስ ቡድን አሠለጥን ነበር። ለክፍለ ሀገሩ ዋንጫ የመጀመሪያውን ጨዋታ ተሸነፍን። እኔም ልምምድ ያነሳቸው መስሎኝ በዚያ ሙቀት ጠዋትና ማታ አስሮጣቸው ጀመር። ጭራሽ ባሰባቸው! ክንፍ ያለው የሚመስለው አጥቂያችን ሰይድ እንኳ አጠገቡ ያለችው ኳስ ላይ አልደርስ አለ። «የታመመ አለ?» ብዬ ጠየቅኩ። ሁሉም «ደህና ነን» እያሉ ወደ ሩጫቸው ተመለሱ። ሰይድን ለብቻው ወስጄ «ምን ሆነሃል ወንድሜ?» ስለው፣ «ወላሂ ጋሼ፣ ከአልጋዬ ስነሳ ራሱ ጉልበቴ ይከዳኛል። ደከመኝ ያለ ከቡድኑ ይቀነሳል ብለን ፈርተን ነው» አለኝ።

ክው አልኩ። ሁሉንም ሰበሰብኩና «ማንንም አልቀንስም፤ የደከመው እጁን ያውጣ» ስል፣ በረኛው ሳይቀር ሁሉም እጁን አወጣ። እንዴት እንዳፈርኩ! ሰነፉ እያልኩ የጨረስኳቸው ለካ እኔ ነኝ። «በሉ፣ ሦስት ቀን ኳስ እንዳትነኩ። ብሉ፣ ተኙ» አልኳቸው። ቀጣዩን ጨዋታ አንድ ለአንድ ወጣን። ከመጀመሪያው ሽንፈት በኋላ አቻው ስላልበቃን ዋንጫው አመለጠን፤ ግን እስከ መጨረሻዋ ደቂቃ ሲሮጡ ነበር። ሰይድ ላቡን እየጠረገ መጣና «ጋሼ፣ ዛሬ እግሬ የራሴ ነበር» አለኝ።